የእሳቸው መተንፈሻ

መኪናችሁን አንቱ አትበሉ። ምክር መስጠት አልወድም፤ ሰው መካሪ ሲሆን የራሱን ጣጣ የጨረሰ ይመስለዋል፣ እኔ ደግሞ ገና አልጨረስኩም። ቢሆንም ይህቺን አንዲት ነገር ከእኔ ውሰዱ። ድመታችሁን እመቤቴ በሉ፣ ቴሌቪዥናችሁን ክቡርነትዎ ብትሉትም ግድ የለኝም። መኪናን ግን ተዉት። መኪና ያረጃል፣ ያስላል፣ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ቀን በስልክ ማውራት ይመጣል።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ቡራዩ ውስጥ መጋረጃ እሸጣለሁ። ለጨርቅ ማመላለሻ ብዬ አንድ ነጭ አሮጌ አውቶሞቢል ገዛሁ። ዕድሜው ከባለቤቴ ከጫልቱ ይበልጣል፤ ከእኔም ብዙ አያንስም። የገዛሁት ዕለት ጫልቱን አሳፍሬ ስመለስ አስኮ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ ቁልፉን አዞራለሁ፣ መኪናው እህ እህ ይልና ዝም ይላል። ጫልቱ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና “ተዋቸው፣ ጋሼ ደክሟቸው ነው፤ ትንሽ ይረፉ” አለች። ትንሽ አረፉና ተነሡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናው ጋሼ ሆኖ ቀረ። ጠዋት “ጋሼ ተነሡ ወይ?” እንባባላለን። “በርቱ ጋሼ” ሳልል ዳገት ወጥቼ አላውቅም። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባላል፤ እያደር “ጋሼ” የሚለውም ረዘመብንና “እሳቸው” ብቻ ሆኑ።

በዚህ መሃል የጫልቱ አባት ኦቦ ደበላ እኛ ጋ መጡ። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት የጫልቱ እናት ሲያርፉ ብቻቸውን ቀሩ፤ የሱሉልታ ብርድ ደግሞ ብቻውን ለቀረ ሰው አይራራም። ሳል ያዛቸው። ጫልቱ ልትጠይቃቸው ሄዳ ልብሳቸውን ጠቅልላ ይዛቸው መጣች። መስኮቱ ወደ ግቢ የሚከፈተውን ክፍል ሰጠናቸው። እሳቸው ፊት መኪናን አንቱ ማለት ነውር መሰለን። በሬውን በስሙ እየጠራ ያረሰ ሰው ብረት እንዲህ ሲከበር ቢሰማ ምን ይለናል ብለን ቀልዳችንን ከጆሯቸው አራቅን። ስለዚህ ኦቦ ደበላ ግቢያችን ውስጥ ሌላ ሽማግሌ እንዳለ አያውቁም ነበር።

ሳላቸው አልቀነሰም። ጫልቱ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው “ያረጀ ጎጆ ቢከድኑትም ያፈሳል፤ ተዪኝ ልጄ” ይሏታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አንተ ንገራቸው እንጂ፣ ያንተን ቃል ይሰማሉ” ትለኛለች። እነግራቸዋለሁ። እምቢ ይላሉ። እኔም በሆዴ ተመስገን እላለሁ፤ እምቢታቸው ከውሳኔ ይገላግለኛልና።

እኔና ውሳኔ አንስማማም። ደንበኛ መጥቶ “ክሬሙ ይሻላል ወይስ ቡናማው?” ሲለኝ ሁለቱም ያምራሉ እላለሁ፤ ደንበኛውም ሁለቱንም ትቶ ይሄዳል። የገዛ ቤቴን መስኮቶች የትኛውን ጨርቅ ልስቀልባቸው ስል እስካሁን በአንሶላ ነው የሸፈንኳቸው። ይህን የማወራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የኦቦ ደበላ መስኮት ደህና ወፍራም መጋረጃ ቢኖረው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ጋሼም ታመሙ። ቆመው ሲሠሩ ይንቀጠቀጣሉ። ዳገት ላይ ያቃስታሉ። ከኋላቸው ሰማያዊ ጭስ ይለቃሉ። ጠዋት ካደሩበት ሳነሣቸው መሬቱ ላይ የዘይት ኩሬ አገኛለሁ። ይዣቸው ሰበታ ሄድኩ፤ ወንድሙ የሚባለው መካኒካችን እዚያ ነው ያለው። ቡራዩ መካኒክ ጠፍቶ አይደለም። ወንድሙ ድሮ ጎረቤታችን ስለነበር ጋራዡን ወደ ሰበታ ሲያዛውር ሕመምተኞቹም ተከትለውት ሄዱ።

ወንድሙ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ከሞተሩ አናት ላይ ጣት የምታህል ነገር ነቅሎ አወጣ። መተንፈሻ ቫልቭ ናት አለኝ። ሞተር ሲሠራ ሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የምታስወጣለት እሷ ናት። እሷ ከታፈነች መውጫ ያጣው ትንፋሽ ዘይቱን በየማሸጊያው ጎሚኒ እየገፋ ያንጠባጥበዋል። ወንድሙ ይህን ካስረዳኝ በኋላ ቫልቯን ጆሮዬ ሥር ነቀነቃት።

“ምን ሰማህ?”

“ምንም።”

“ደህና የሆነች ስትነቀነቅ ቶክ ቶክ ትላለች። ዝም ካለች ግን…” አለና ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው መሬት መሬቱን አየ።

በቤንዚን አጠባትና እንደገና ነቀነቃት። ከብዙ ልመና በኋላ ደከም ያለች ቶክ ተሰማች። እንዲህ ያለ ነገር ነው እኔን የሚገድለኝ። ሙታ ቢሆን ቀብሬያት እገላገል ነበር፤ ድና ቢሆን መልሼ እከታት ነበር።

“ብትቀየር ጥሩ ነው” አለ ወንድሙ። “ግን ሌላው ዕቃ በሙሉ ከአሮጌዋ ጋር ተላምዷል፤ አዲስ ስታስገባ አንዱ ጎሚኒ ይቀየምሃል። ደግሞ አሁን አዲስ የሚባለው ኮፒ ነው። ከሌላ አሮጌ ላይ የተፈታች ኦሪጅናል ብታገኝ ይሻልሃል። ወይ ደግሞ ተወው፣ ላረጀ ሞተር ምን ያደርግለታል። አንተ ወስን።”

ሰው ሁሉ “አንተ ወስን” እስኪል ድረስ ጥሩ ይናገራል።

ቫልቯን አስመልሼ ቡራዩ ገባሁና ሙዘሚልን ጠየቅሁት። ሙዘሚል ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ መለዋወጫ ዕቃ ይሸጣል፤ አባቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲሸጡ ነው የኖሩት። “አሮጌ አውጥተህ አሮጌ ልትከት?” አለኝ። “የታመመ በግ ሸጦ የታመመ በግ የሚገዛ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አዲስ አዲስ ነው። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የእኔን ቃል አትመን። አንተ ወስን።”

ከዚያ በኋላ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። መጋረጃ ልትገዛ የመጣች ሙሽራን ጠይቄያለሁ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጠይቄ የሟች ወንድም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሆኖም እንባውን ጠርጎ “ባይነካ ይሻላል” ብሎኛል። ሰበታም ተመልሼ ሄድኩ፤ ወንድሙ ደግሞ ነቀነቃት፣ ደግሞ አጠባት። የእኔና የቫልቯ ነገር ከሰርግ እስከ ለቅሶ ተዳረሰ፣ ውሳኔው ግን እዚያው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሙ ደወለ። ጨርቅ እየለካሁ ስለነበር ወደ ግቢ ወጣሁና ከኦቦ ደበላ መስኮት ሥር፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ላይ ቆሜ አወራሁ። የወንድሙን ድምፅ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። የእኔን ድምፅ ግን አሁን እንደምታነቡት አድርጎ የሰማ አንድ ሰው ነበር።

“ሄሎ ወንድሙ… አለን፣ ደህና ነን። እሳቸው ናቸው እንጂ የቸገሩን… ምን አዲስ ነገር አለ ብለህ ነው፣ ያው ትንፋሻቸው ነዋ። ዳገት ሲሆን ይብስባቸዋል… አዎ፣ ማንጠባጠቡም አልተወም። ካደሩበት ሲነሡ መሬቱ ርሶ ነው የማገኘው… የኋላቸውንማ ተወው፣ ጎረቤት ሁሉ ተማሯል… መተንፈሻቸው ይቀየር ካልክ ይቀየር፤ እኔ የምለው በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል ነው… እንዴ፣ ከሌላ አሮጌ ላይ የተፈታ አገኘህ? ከሞተው ላይ? … እስቲ ላስብበት… መሸጥ? ማን ይገዛቸዋል ብለህ ነው ወንድሜ… እሺ፣ ትንሽ እንያቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ሲሉ ያኔ ይለይልናል።”

ስልኩን ዘጋሁ። ከአንሶላው ወዲያ የተጀመረና መሃል ላይ የተዋጠ ሳል ሰማሁ። ልብ አላልኩትም።

በነጋታው ስነሣ ኦቦ ደበላ ፍራሻቸውን አጥር ላይ አስጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች ይመረምሩታል።

“አከም ቡልተን አባባ፣ ምነው በጠዋቱ?”

“ደህና ነኝ ልጄ። ደረቅ ነው። ና ዳብሰው፣ ደረቅ ነው።”

ዳበስኩት። እውነትም ደረቅ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ብለው የሰጉ መስሎኝ “አይስጉ፣ ቆርቆሮው ጠንካራ ነው” አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ፍራሹ መለሱ።

ቁርስ ላይ ሽሮውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። “ከእንግዲህ ሽምብራና ባቄላ ይቅርብኝ” አሉ። ጫልቱ “ምነው አባዬ፣ ይወዱ የለም እንዴ?” ብትላቸው “ጎረቤት አይማረር” አሉ በዝግታ። እኔና ጫልቱ ተያየን። ሽማግሌ የራሱ ሐሳብ አለው ብለን ተውነው።

ቀጥሎ ደግሞ ጀሪካን አንሥተው ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። ሮጬ ልቀበላቸው ስል እጄን ገፉት። ከቦኖው ወደ ቤታችን የሚያመጣውን ዳገት ቀስ ብለው ወጡት። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፋቸው ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። በሩ ጋ ሲደርሱ ጀሪካኑን አስቀመጡና “አየህ፣ አላቃሰትኩም” አሉኝ። እኔም ለጫልቱ “አባትሽ ተሽሏቸዋል፤ ሳሉ እንኳ ጠፍቷል” ብዬ የምሥራች ነገርኳት። ጫልቱ እውነት እንዲሆን ስለፈለገች አመነችኝ። እኔም እንዲሁ።

ሳሉ አልጠፋም ነበር። ሽማግሌው እየዋጡት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ። አንድ ጠዋት ጫልቱ ቁርስ ይዛ ስትገባ አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፣ ምርኩዛቸውና ጋቢያቸው የለም። ስልካቸው ተዘግቷል። ግቢውን ዞርን፣ ቦኖ ወረድን፣ ቤተ ክርስቲያን አየን። የሉም። ሚኒባስ መቆሚያው ጋ ስንደርስ ሙዘሚል ከሱቁ ወጣና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

“ኦቦ ደበላ በማለዳ ተሳፈሩ” አለ። “ወደ አገሬ ነው አሉ። መልእክት ሰጥተውኛል፣ ሳላጓድል እንድናገር አደራ ብለውኛል።” ጉሮሮውን ጠራረገ። “‘ልጆቼን ሰላም በላቸው። በእኔ የተነሣ አሮጌ ዕቃ ፍለጋ አይንከራተቱ። የሞተ ሰው ዕቃ እንዲገባብኝ አልፈልግም። ምን ያደርግለታል ያለውም ልጄ እውነቱን ነው፣ አልተቀየምኩትም። ግን መንገድ ላይ ቀጥ ከምል ቤቴ ቀጥ ብል ይሻለኛል።’ እንዲህ ነው ያሉት። እኔ አልገባኝም።”

እኔም አልገባኝም ነበር። ጫልቱ ግን ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“ሰሞኑን በስልክ ከማን ጋር ነው ያወራኸው?”

“ከወንድሙ ጋር።”

“ምን ብለህ? ቃል በቃል ንገረኝ።”

መናገር ጀመርኩ። “ትንፋሻቸው” ስል ደህና ነበርኩ። “ያንጠባጥባሉ” ላይ ድምፄ ቀነሰ። “ማን ይገዛቸዋል” ላይ ስደርስ ፍራሹ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ታየኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ያለው ደግሞ ሱሉልታ ደርሷል። ጫልቱ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች፤ ሙዘሚል በርጩማ አምጥቶ አስቀመጣት።

“አባቴ ይህን ሰምተው ነው ውሃ የቀዱት” አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመኪናችን ሄድን። ዊንጌትን አልፈን የእንጦጦን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፤ ከኋላችን ያለው መንገድ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ። ልማድ ክፉ ነው፣ “በርቱ ጋ…” ብዬ ጀመርኩ። ጫልቱ አየችኝ። የቀረውን ዋጥኩት። ሳል መዋጥ ምን እንደሚመስል ያኔ ትንሽ ገባኝ።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ በመንገዱ ዳር ልምምድ የሚያደርጉ ሯጮች ደረሱብን። ደረሱብን ስል እነሱ ከኋላ ናቸው ማለቴ ነው። ትንሽ ጎን ለጎን ሄድን። አንደኛዋ ሯጭ ፊቷን በክንዷ ከጭሱ ከልላ በሌላው እጇ ወይ ቅደም ወይ ቁም የሚል ምልክት አሳየችኝ። መቅደም አልቻልኩም። ብቆም ደግሞ ዳግመኛ መነሣቴን እንጃ። ስለዚህ እነሱ አልፈውን ሄዱ፤ በትንፋሻቸው እንጀራ የሚበሉ ሰዎችን ትንፋሽ በክዬ ቀረሁ።

መንደሩ አፋፍ ላይ፣ የኦቦ ደበላ ግቢ ፊት ለፊት ስንደርስ ጋሼ ቀጥ አሉ።

ኦቦ ደበላ አጥሩ ሥር በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጎናቸው የመንደሩ ሽማግሌዎች አሉ። ገና ስናያቸው ነገሩ ወደ ሽምግልና መሄዱ ገባኝ። ጫልቱ ሮጣ አባቷ እግር ላይ ወደቀች፤ አነሥተው ግንባሯን ሳሟት። እኔን የተቀበሉኝ ጎረቤታቸው ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ በዚያ አካባቢ ያለ እሳቸው ፍርድ አይቆረጥም።

“አከም ጂርቱ” አሉኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሥራው ሁሉ ደህና መሆኑን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሰላምታው ሲረዝም ክሱ ከባድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

“ልጄ፣ ደበላ የነገረን ነገር ከበደን። ካደረበት ያንጠባጥባል ብለሃል?”

“ብያለሁ።”

“ከኋላው በሚወጣው ነገር ጎረቤት ተማረረ ብለሃል?”

“ብያለሁ አባባ። ግን ስለ እሳቸው አይደለም።”

“ታዲያ ስለማን ነው?”

“ስለ መኪናዬ ነው።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ደበላ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

“ኮንኮላታ?” አሉ።

“አዎ አባባ፣ መኪናው።”

“መኪና እሳቸው ይባላል?” ብለው ጠየቁ ኦቦ ጉተማ።

“እኛ ቤት… ይባላል።”

አንደኛው ሽማግሌ ከበፊተኛው ጥፋት የአሁኑ ይብሳል ወይ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ተከራከሩበት። ኦቦ ጉተማ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኔን የልጄ ሚስት አንተ ነው የምትለኝ” አሉ፤ “ቡራዩ ላይ ደግሞ ብረት እሳቸው እየተባለ ይዞራል።”

“ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል” አሉና ተነሡ። ሁሉም ተነሡ። ምርኩዛቸውን እየተከሉ ወደ መኪናው ሄድን። ከሞተሩ ሥር ያለው ሣር በዘይት ርሷል፤ ኦቦ ጉተማ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አሸተቱና “ያንጠባጥባል” ሲሉ መሰከሩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ወንድሙ ሲነቅላት ደጋግሜ ስላየሁ ቫልቯን በመሐረብ ይዤ አወጣኋት። ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ አስረድቼ በየተራ በጆሯቸው ሥር ነቀነቅኋት። አዳመጡ። ዝም።

“ይህቺ ናት መተንፈሻው?” አሉ ኦቦ ጉተማ።

“እሷ ናት።”

“በእሷ የተነሣ የት የት ሄድክ?”

ሰበታ ተመላልሻለሁ፣ ቡራዩ ጠይቄያለሁ፣ ለቅሶ ቤትም አውርቻለሁ አልኳቸው። ስዘረዝር የምመሰገን መስሎኝ ነበር።

“ለደበላ ሳልስ የት ሄድክ?”

“አባባ እምቢ አሉ” አልኩ።

“መኪናው እሺ ብሎህ ነው?”

ጫልቱ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። አፈርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ከከተማ ከተማ ስዞር የሰው ትንፋሽ ከአንሶላ ወዲያ ተቀምጦ ነበር።

ኦቦ ደበላ እጃቸውን ዘርግተው ቫልቯን ተቀበሉኝ። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። ነቀነቋት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጓት፣ እንደገና ነቀነቋት። ከዚያ ሳል መጣባቸው፤ ይህኛውን አልዋጡትም። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ሳሉ፤ ጫልቱ ጀርባቸውን ያዘች። ቀና ሲሉ ወደ እኔ አዩ።

“ትቀየር ወይስ አትቀየር?”

የሰበታውን ሐሳብ፣ የሙዘሚልን ሐሳብ፣ የለቅሶ ቤቱን ሐሳብ ሁሉ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቁኛል።

“ትቀየር” አልኩ።

“ላረጀ ሞተር ምን ያደርግለታል አላልክም?”

“ብዬ ነበር አባባ። ተሳስቻለሁ። ትቀየር።”

“በአዲስ?”

“በአዲስ።”

ኦቦ ደበላ ቫልቯን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። “እንግዲያው መጀመሪያ እሱ ይታይ” አሉ መኪናውን በአገጫቸው እያሳዩ። “ልየው። ካደረገለት እኔም እታያለሁ።” ኦቦ ጉተማ ምርቃት ጀመሩ። ለኦቦ ደበላ ጤና ለመኑ፣ ለእኛ ለመኑ፤ ወደ መኪናው ሲደርሱ ትንሽ አመነቱና “ለእሱም” ብለው አለፉ። ፍርዳቸውንም ሰጡ፦ ከእንግዲህ አንቱታ ለሰው ብቻ ይሁን። ተስማማሁ።

የቫልቯን ቀዳዳ በመሐረቤ ወተፍኩት፤ ሞተሩ ሲበርድ ተነሥቶ በዝግታ ወደ ቤት መለሰን፤ ከዚያም ሰበታ። ወንድሙ አዲሷን ሲያስገባ ኦቦ ደበላ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከመግባቷ በፊት ስጠኝ ብለው ነቀነቋት። ቶክ ቶክ አለች። ደጋግመው ነቀነቋት። ወንድሙ ሞተሩን አስነሣ፤ መንቀጥቀጡ ቀርቷል። ኦቦ ደበላ ከኋላ ሄደው ጎንበስ ብለው ጭሱን ጠበቁ። ጭስ የለም። ወንድሙ የፈራው ጎሚኒ በኋላ እውነትም ተቀይሟል፤ እሱን ያን ዕለት አላወቅንም።

“አደረገለት” አሉ ሽማግሌው። “በሉ እንሂድ።”

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መሣሪያዋን ጀርባቸው ላይ አሳርፋ “በረጅሙ ይተንፍሱ አባባ” አለቻቸው። ተነፈሱ። ቦታ እየቀየረች ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። እኔና ጫልቱ ግድግዳው ሥር ቆመን እኛም መተንፈስ ረስተናል።

“ይንኳኳል?” አሉ ኦቦ ደበላ ሳይዞሩ።

“ምኑ አባባ?”

“ውስጡ። ዝም ካለ ነው የሚያሰጋው አሉ።”

ሐኪሟ ግራ ተጋብታ ወደ እኛ አየች። ጫልቱ በዓይኗ ለመነቻት። “ዝም አላለም” አለች ሐኪሟ። “ይንኳኳል።” ከዚያ ሳንባቸው ተጎድቷል፣ ቢዘገዩ ኖሮ ከባድ ነበር፣ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱ ግን ይድናሉ ብላ አስረዳችን። ኦቦ ደበላ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ወደ እኔ ዞሩ።

“ላረጀም ያደርግለታል ማለት ነው” አሉኝ።

ስንመለስ ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አባቷ ከኋላ። መድኃኒቱን ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ አሮጌዋ ቫልቭም እስካሁን ጋቢያቸው ውስጥ ናት፣ ሊመልሱልኝ አልፈለጉም። ቡራዩ ገብተን ወደ ሰፈራችን የሚወስደው ዳገት ሥር ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ፤ እግሬን ነዳጁ ላይ ጫን አደረግሁና ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

“በርቱ።”

ጫልቱ በድንጋጤ ወደ እኔ ዞረች። የኦቦ ጉተማ ፍርድ ገና አልደረቀም። ላርመው አፌን ስከፍት ከኋላ ድምፅ መጣ።

“እሺ ልጄ” አሉ ኦቦ ደበላ። “እበረታለሁ።”

አፌን ዘጋሁና ዳገቱን ወጣን።